ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ያለው የቀዶ ሕክምና ክፍል

ከነርስነት ትምህርት ጓደኞቼ ጋር የጎበኘነው ሙዚየም በለንደን፣ ከለንደን ብሪጅ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በቀድሞው የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ይገኛል። በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚወጣበት ይህ የቀዶ ሕክምና ክፍል እ.ኤ.አ. በ1822 የተሠራ ሲሆን፣ በአውሮፓ እስከ ዛሬ ከቆዩት ሁሉ ጥንታዊው እንደሆነ ይነገርለታል። ቦታው የተመረጠው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሴቶች ቀዶ ሕክምና ዋርድ አጠገቡ ስለነበረ ነው።

ከመካከል የእንጨት ጠረጴዛ፣ ከሥሩም የሚፈሰውን ደም የሚመጥ ሰጋቱራ የተሞላ ሣጥን አለ። ዙሪያውን በግማሽ ክብ ከፍ ከፍ እያለ የሚሄደው መቆሚያ የተሠራው ለተማሪዎች ሲሆን፣ እኛም እዚያው ቆመን ገለጻውን ተከታተልን። ሀብታሞች በቤታቸው ይታከሙ ስለነበር እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚተኙት ድሆች ሴቶች ነበሩ፤ ሕመማቸውንም የሚመለከቱት ተማሪዎች ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ይህን ሳስብ ከቢላዋውና ከመጋዙ ይልቅ መቆሚያው አስጨነቀኝ።

ከሁሉ በላይ ትኩረቴን የሳበው ግን የዘመኑ ቅደም ተከተል ነው። ማደንዘዣ ከመምጣቱ በፊት የአንድ ቀዶ ሐኪም ችሎታ የሚለካው በፍጥነቱ ነበር፤ እግር በደቂቃዎች ውስጥ ይቆረጥ ነበር። ማደንዘዣው ኤተር ለንደን የደረሰው በ1846 መጨረሻ ሲሆን፣ ሆስፒታሉ ከአካባቢው የለቀቀው ደግሞ በ1862 ነው። ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ተሕዋስያንን በሚገድለው በካርቦሊክ አሲድ ከብክለት የመጠበቅ ዘዴውን ያሳተመው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1867 ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል ማደንዘዣን አይቷል፤ ፀረ ተሕዋስያንን ግን ፈጽሞ አላየም። በመማሪያ መጻሕፍታችን ሁለቱ ግኝቶች በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ በመካከላቸው ያለፉት ሃያ ዓመታት አይታዩንም። በእነዚያ ዓመታት ታካሚዋ ሥቃዩ ቀርቶላት ሳለ፣ ባልታጠበ እጅና ደም በደረቀበት የሐኪም ልብስ ምክንያት ቁስሏ አመርቅዞ ልትሞት ትችል ነበር።

ሆስፒታሉ ሲለቅ ክፍሉ ተዘግቶ ተረሳ፤ እንደገና የተገኘው በ1956 ነው። ሳይታደስ የቆየውም በመረሳቱ ነው።

የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል የነርሶች ትምህርት ቤቷን በዚሁ ሆስፒታል የከፈተችው ክፍሉ ከመዘጋቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1860 ነበር። ነርስ በቀን ውስጥ ደጋግማ እጇን እንድትታጠብ ናይቲንጌል የጻፈችው ከሊስተር ጽሑፍ በፊት ነው።