ለቀይ ጺሙ ለቅሶ የተቀመጥንበት ፋሲካ

እኔ በሕይወቴ ለሰው ዋስ ሆኜ አላውቅም። አብሮ አደጌ ብድር ሊወስድ ሲለኝ እንኳን "ደመወዜ ላይ ሌላ ዕዳ አለብኝ" ብዬ ዋሽቼ ነው ያመለጥኩት። ግን ለአንድ የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም ዋስ ሆኜ፣ ተበዳሪው ጠፍቶብኝ፣ ዕዳውን እናቴ ፊት፣ አጎቴ ፊት፣ ጎረቤት ፊት፣ በመጨረሻም እድር ፊት ከፍያለሁ። ይሄው ስንት ዓመቱ፣ አሁንም እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሱቅ ስወጣ "ያ ቀይ ሰውዬ ደህና ነው?" የሚለኝ ሰው አለ።

ነገሩ ጌም ኦፍ ትሮንስ ነው። ፔዳ ግቢ ተማሪ እያለሁ ፊልሙ የተቀዳበትን አምስቱንም መጽሐፍ በፒዲኤፍ፣ በዚያች ስክሪኗ በተሰነጠቀች ስልኬ፣ የዶርም መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ነው ያነበብኩት። ዓይኑን ያበላሸው እሱ ነው እያለች እማ እስከዛሬ ትረግመዋለች፣ ደራሲውን ማለቴ ነው። ካነበብኩ በኋላ ደግሞ የማልቻል ሰው ሆንኩ፣ ሰው ፊልሙን ሲያይ "መጽሐፉ ላይ እኮ እንዲህ አይደለም" ሳልል ሁለት ደቂቃ አልቆይም፣ ጓደኞቼ ስሜን ትተው "መጽሐፉ" ማለት ጀመሩ፣ "መጽሐፉ መጣ፣ ዝጉት ዝጉት" ይላሉ በሩን ስከፍት።

መጠርጠር የነበረብኝ ግን ቀደም ብዬ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ፣ አምስተኛው በ2011፣ ድራማውም በዚያው ዓመት ጀመረ፣ ስድስተኛው መጽሐፍ ይኸው እስከዛሬ የለም። ድራማው እየሮጠ ደራሲው ላይ ደረሰበት፣ ከዛ አለፈው። ሰዎቹ ከመጽሐፉ እየቀዱ ሲያወሩ ምላሳቸው ማር ነበር፣ መጽሐፉ ሲያልቅባቸው ከራሳቸው ኪስ ማውጣት ጀመሩ፣ ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ የነበረው ሳንቲም ነው። በፊት 10 ክፍል የነበረው ሲዝን ሰባተኛው ላይ 7 ሆነ፣ ስምንተኛው ላይ 6። እኔ ግን "ጥራት ላይ ስላተኮሩ ነው" እያልኩ ምክንያት እፈጥርላቸው ነበር፣ ዋስ አይደለሁ?

እማ ለነገሩ ነግራኝ ነበር። እሷ የሬድዮ ሰው ናት፣ ፍቅር እስከ መቃብርን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው የምታውቀው፣ መጽሐፉን ገልጣው አታውቅም ግን ጉዱ ካሣን ሲያወራ ትደግምልሃለች። ማንኩሳም ከትውልድ ቦታዋ ብዙ ስለማይርቅ በዛብህን ስታነሳው እንደ ሟች የአክስት ልጅ ነው። ፊልም ቢሠራልሽስ ስላት "ሰብለ እኔ ጋ መልክ አላት፣ ሌላ መልክ አምጥተው እንዳይለጥፉብኝ" ትል ነበር። እኔ በዚህ ስስቅ የነበርኩ ሰው ነኝ።

ወደ ጉዱ ልግባ። በእኛ አቆጣጠር የ2011 ፋሲካ ሚያዝያ 20 ነበር የዋለው። አጎቴ፣ የእማ ታላቅ ወንድም፣ ከዘጌ በጀልባ መጥቶ ዳግማይ ትንሣኤን አሳልፎ ሊመለስ እኛ ጋ ነው የከረመው። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት አገር ነው፣ እርሻቸው ቡና ነው፣ ስለዚህ ቡና በተነሳበት ቦታ አጎቴን የሚቃወም የለም (ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል)። በመጣ ቁጥር ይሄን ድራማ አብሬው እያየሁ አስለምጄዋለሁ፣ እሱም እማም እንግሊዝኛ ስለማይችሉ እኔ ከጎን ቁጭ ብዬ እንደ ትርጉም ፊልም እየተረኩ፣ ሰዎቹንም የራሳቸው ስም አውጥተውላቸዋል፣ ጆን ስኖው "ዮሐንስ" ነው፣ ዴኔሪስ "ባለዘንዶዋ"፣ ቶርመንድ ደግሞ "ቀይ ጺሙ"። ቀይ ጺሙን አጎቴ ሲወደው ሌላ ነው። "እንዲህ ያለ ሰው ነው ጎረቤት ሲሆንህ ደስ የሚል" ይላል።

እና ሦስተኛው ክፍል፣ ትልቁ ጦርነት፣ ስምንት ዓመት የተጠበቀው፣ አሜሪካ እሁድ ማታ ሲለቀቅ እኛ ጋ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። 55 ሌሊት ሙሉ ነው የቀረጹት ተብሎ አገር ምድሩ አውርቶለታል። ፔዳ በር ላይ ፍላሽ የሚጭነው ልጅ ቀኑን ሙሉ ዳውንሎድ ሲያደርግ ዋለ፣ እኔ ቤት ውስጥ "ዛሬ የምታዩት ነገር በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት ነው" እያልኩ ስሰብክ ዋልኩ። ማታ ዶሮው ተበላ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ፍላሹ ተሰካ፣ ጀመረ።

ጨለማ።

"መብራት ሄደ?" አለች እማ።

"አልሄደም እማ፣ ፊልሙ ነው።"

"ታዲያ ምነው አይታይም?"

"ሌሊት ስለሆነ ነው።"

"እኛም ጋ እኮ ሌሊት ነው፣ አንተ ግን ትታየኛለህ።"

ምን ይመለሳል? ብራይትነሱን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት፣ ጥቁሩ ግራጫ ሆነ እንጂ ሰው አልወጣውም። ከዛ ችግሩ የክፍሉ መብራት ነው ብዬ አጠፋሁት፣ የውጪው መብራት በመስኮት ሲገባ ጊዜ ቡሉኮውን መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት፣ ሁላችንም ጋቢ ለብሰን ጨለማ ውስጥ ጨለማ እያየን ተቀመጥን። በጥራት የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ፈረሰኞቹ ሰይፋቸው እየነደደ ወደ ጨለማው ሲጋልቡና እሳቱ አንድ በአንድ ሲጠፋ። እውነት ለመናገር ያቺ ቦታ ታምራለች። አጎቴ ግን ተናደደ፣ "ፈረሰኛን በጨለማ የሚለቅ የጦር አዝማች ምን ዓይነቱ ነው? ግንብ እያላቸው ደግሞ ውጪ ተሰልፈው! እንጅባራ ወርደው አንድ የአገው ፈረሰኛ ቢጠይቁ ምን ነበረበት?"

እኔ መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም እንዳልል መጽሐፉ እዚህ አልደረሰም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመካበት ነገር አጣሁ። እነሱ ደግሞ ጥያቄያቸው አያልቅም። "አሁን የወደቀው ማነው?" "አንዱ ነው።" "የኛ ነው የነሱ?" "እ... ከነሱ ነው መሰለኝ።" "ቀይ ጺሙስ?" አለ አጎቴ። እኔ ቀይም ሆነ ጥቁር ጺም ካየሁ ግማሽ ሰዓት አልፎኛል፣ ግን ስምንት ዓመት ባለሙያ ሆኜ ኖሬ "አላየሁም" ማለት ከበደኝ፣ እዛ መሀል የሆነ ወፍራም ጥላ ሲወድቅ አየሁና "ሞተ" አልኩ።

አጎቴ ኮፍያውን አወለቀ። "ነፍስ ይማር" አለ ቀስ ብሎ። "ሳይጠግብ ሄደ።" እማም ከንፈሯን መጠጠች። ልክ በዚህ ሰዓት ነው ጎረቤታችን እትዬ ድፎ ዳቦ ይዘው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ በሩን ገፋ ያደረጉት።

እስቲ በሳቸው ቦታ ሁኑና አስቡት። በፋሲካ ማግስት ቤቱ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው፣ መስኮቱ ተጋርዷል፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ተከናንቦ አቀርቅሯል፣ አጎቴ ኮፍያውን ይዞ "ነፍስ ይማር" ይላል፣ ከሆነ ቦታ ደግሞ የሚጮህ ሰው ድምፅ ይሰማል። እትዬ አልጠየቁም። ድፎውን መሬት አስቀመጡና "ወይኔ! ወይኔ እህቴን!" ብለው ግቢውን አናወጡት። እማ የሳቸውን ጩኸት ስትሰማ ደግሞ እሳቸው ቤት ሰው የሞተ መስሏት አብራ ጮኸች። እኔ ሪሞቱን ፍለጋ ጨለማ ውስጥ ስንደፋደፍ የጠላውን ማሰሮ በእግሬ መታሁት፣ ተደፋ፣ አጎቴ ተንሸራተተ፣ እሱም "እግዚኦ!" አለ፣ በቃ ለቅሶው ሞላ።

መብራቱን ሳበራ በሩ ላይ ሰባት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ዳኛ፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው። በዚህች ፍጥነት ደብተሩን ከየት አመጡት እስከዛሬ አልገባኝም።

"ማነው ያረፈው?" አሉኝ እኔን፣ ወንድ ልጅ ነህ ጠንከር በል በሚል ዓይን።

"ማንም አልሞተም አባባ፣ ፊልም ነው።"

"እኮ ማን ነው?"

"ቶርመንድ።" ለምን እንዳልኩት አላውቅም፣ ደንግጬ ነው።

"የአባት ስም?"

"ጃያንትስቤን።"

እስክሪብቷቸው አየር ላይ ቀረ። "ፈረንጅ ነው? አባል ነበር?"

የዛን ቀን ማታ ድንኳን ሳይተከል የቀረው ለጥቂት ነው። ሴቶቹም መጥተን እንዴት ዝም ብለን እንመለስ ብለው ቡና ተፈላ፣ የተረፈው ዶሮ ቀረበ፣ እስከ አምስት ሰዓት ቁጭ ብለው ስቀውብኝ ሄዱ።

በማግስቱ ቲቪውን በባጃጅ ጭኜ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ከፈተው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "ባክላይቱ ደክሟል" አለኝ፣ 450 ብር ከፈልኩ። ቤት መልሼ ስከፍተው ዜና አንባቢው ጄሶ የተቀባ መስሎ ወጣ፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ፍላሹን ስሰካው ግን ያው ጨለማ። ወደ ፍላሹ ልጅ ሄድኩ፣ የተበላሸ ኮፒ ነው የሰጠኸኝ ብዬ ልጣላ። አንገቱን ቀና ሳያደርግ "ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ አስራ አንደኛው ሰው ነህ፣ እንደዚሁ ነው የተሠራው" አለኝ። ኋላ ሳነብ ለካ ዓለም ሁሉ አልታየንም ብሎ ጮኋል፣ የካሜራው ባለሙያ ደግሞ ችግሩ ብዙ ሰው ቲቪውን በደንብ ማስተካከል ስለማይችል ነው ብሎ መልሷል! ወንድሜ፣ እኔ በ450 ብር አስተካክዬ ነው ያላየሁት!

ደግሞ አላረፍኩም። በሳምንቱ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ አራተኛው ክፍል መጣ። እማ "እኔ የለሁበትም" ብላ ጓዳ ገባች፣ አጎቴ ግን የቀይ ጺሙን ቀብር ማየት አለብኝ ብሎ ተቀመጠ። ሬሳዎቹ ተቃጠሉ፣ ከዛ አዳራሽ ውስጥ ግብዣ ሆነ፣ ይሄኛው ተመስገን ይታያል። ሁሉም እየጠጡ አንዱ ጮክ ብሎ ዮሐንስን ሲያሞግስ አጎቴ ከወንበሩ ተነሳ።

"ይሄ ያን ለት የቀበርከው አይደለም?"

ነው። ቀይ ጺሙ ነው። በቀንድ ሙሉ እየጨለጠ ነው።

"በዳግማይ ትንሣኤ ተነሣ!" አለ አጎቴ፣ ደስታው ይሁን ሽሙጡ አልለየሁትም፣ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ማየት ጀመረ። ከዛ ዝም አለ። ከዛ "ያቺ ስኒ የምን ናት?" አለ።

"የቷ?"

"ባለዘንዶዋ ፊት። የወረቀት ስኒ፣ ክዳን ያላት። የቡና ናት።"

እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ፣ "ጋሼ፣ እዛ አገር ወይን ነው እንጂ የወረቀት ስኒ ብሎ ነገር የለም፣ እሱ ዋንጫ ነው" አልኩት። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። የዘጌ ሰው ቡና ሲል! ተወራረድን፣ የቡና ስኒ ካልሆነች አንድ ኪሎ ቡና ሊሰጠኝ፣ ከሆነች የጀልባውን እኔ ልከፍል።

በማግስቱ ስልኬን ስከፍት ዓለም ስለ ስኒዋ ነው የሚያወራው። ባለቤቶቹም በስህተት የቀረች ናት ብለው አመኑ፣ ኋላ በኮምፒውተር አጠፏት፣ በዛ ላይ እየቀለዱ ባለዘንዶዋ ያዘዘችው እኮ የቅጠል ሻይ ነበር አሉ። ይሄን ለአጎቴ ስተረጉምለት ከስኒዋ በላይ የከፋው በሻዩ ነው። "ሻይ?" አለ። የጀልባውን ከፈልኩ፣ የመልሱን ጭምር ቀድሞ ተቀበለኝ፣ ለሚቀጥለው በዓል።

መጨረሻውን ብዙ አላወራም። ግንቦት 12 ሰኞ ብቻዬን አየሁት፣ ድምፁን ቀንሼ፣ መብራት አብርቼ፣ በሩን ቆልፌ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይሄ ሲዝን እንደገና ይሠራልን ብሎ ሲፈርም እኔም ስሜን አስገባሁ፣ በሕይወቴ የፈረምኩት ብቸኛ የዋስትና ማፍረሻ ነው። እማ ከጓዳ ብቅ ብላ ማን ነገሠ ስትለኝ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና "እና ያ ሁሉ ሰው ያለቀው፣ ጠላዬም የተደፋው ለዚህ ነው?" አለች።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ የዛው ደራሲ የሌላ መጽሐፉ ድራማ፣ የዘንዶዎቹ ቤተሰብ ታሪክ፣ ሊጀምር ነው ተባለ። ቀኑን ስቆጥረው እኛ ጋ የሚደርሰው ነሐሴ 16፣ የፍልሰታ ፍቺ ቀን። ደግሞ በበዓል! ሁለት ቀን ታገስኩ፣ ከዛ ፍላሼን ኪሴ ከትቼ በፀጥታ ልወጣ ስል እማ በር ላይ አየችኝ፣ ኪሴን አየችው። ምንም አላለችኝም። ወደ አጥሩ ሄደችና ጎረቤት ተጣራች፦

"እትዬ! ዛሬ ማታ ጩኸት ቢሰሙ የኛ አይደለም፣ ተኙ! ለእድሩም ይንገሩልኝ!"