ቁልፋችሁን በገዛ ላፕቶፓችሁ ላይ ፍጠሩ

ጊትሀብ (ኮድ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት አገልግሎት) ኮድ ፑሽ ሲደረግ፣ ማለትም ከላፕቶፕ ወደሱ ሲላክ፣ የአካውንት ፓስወርድ መቀበል ያቆመው ነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። እስካሁን ግን በፓስወርድ የሚታገሉ ተማሪዎች አያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ፓስወርዱ ትክክል ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ያስገባኛል። እዚህ ለምን እምቢ ይለኛል?»

አንድ ጓደኛዋ ደግሞ «የኔን ቁልፍ በቴሌግራም ልላክልሽ» ብሏታል። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄኛው ነው።

በፓስወርዱ ፈንታ መግቢያ የሚሆነን የኤስኤስኤች ቁልፍ ነው፤ ኤስኤስኤች ማለት ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በሚስጥር መገናኛ መንገድ ነው። ቁልፉ ሲፈጠር ሁለት ፋይል ይወጣል። ስሙ መጨረሻ ላይ «ነጥብ ፐብ» ያለው ፐብሊክ ኪ ነው፤ ለማንም ቢሰጥ ችግር የለውም። ሌላው፣ ፕራይቬት ኪ የሚባለው፣ ከተፈጠረበት ማሽን ንቅንቅ ማለት የለበትም። ጊትሀብ እንኳ አያየውም። ላፕቶፓችሁ በሱ ይፈርማል፣ ጊትሀብ ፊርማውን በፐብሊክ ኪው ያረጋግጣል፣ በቃ። ሰው የላከላችሁ ፕራይቬት ኪ ማለት ቁልፍ ቀራጩ አንድ ኮፒ ለራሱ አስቀርቶ የሰጣችሁ የቤት ቁልፍ ነው።

ስለዚህ የራሷን ፈጠርን። ዓይነቱን ኢዲ 25519 አደረግነው። ፈጣን ነው፣ ፐብሊክ ኪውም አንድ አጭር መስመር ነው። በጣም ያረጀ ሰርቨር ካልገጠማችሁ 4096 ቢት አርኤስኤ (የቆየው የቁልፍ ዓይነት) ውስጥ የምትገቡበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀጥሎ ፓስፍሬዝ፣ ማለትም ፕራይቬት ኪውን የሚቆልፍ የሚስጥር ቃል፣ ጠየቃት። ጣቷ ኢንተር ላይ ሊያርፍ ሲል «ቆዪ፣ ቆዪ የኔ ልጅ» አልኳት። «ባዶውን እለፉት» የሚል ምክር በየቦታው አለ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። እኛ ሰፈር ላፕቶፕ የአንድ ሰው አይደለም። ወንድም ፊልም ያይበታል፣ የአክስት ልጅ ሲቪ ይጽፍበታል፣ በየታክሲውም ይዞራል። ፋይሉን የቀዳ ሰው ግን ፓስፍሬዙን ካላወቀ ምንም አያደርግበትም። ስትጽፉት ስክሪኑ ላይ ኮከብም ነጥብም አይታይም፤ ኪቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ደጋግሞ መጻፉ ከሰለቻችሁ ኤስኤስኤች ኤጀንት የሚባል ፕሮግራም ይይዝላችኋል።

የፐብሊክ ኪውን ሙሉ መስመር ገልብጣ ጊትሀብ ሴቲንግ ውስጥ አስገባች። መጀመሪያ ስትገናኙ የሰርቨሩን ፊንገርፕሪንት (የሰርቨሩ ቁልፍ አጭር መለያ) አሳይቶ ልቀጥል ወይ ይላችኋል። «የስ» ከማለታችሁ በፊት ጊትሀብ በራሱ ገጽ ካወጣው ጋር አስተያዩት። መጋቢት 2015 ላይ የጊትሀብ ሰርቨር የራሱ የአርኤስኤ ፕራይቬት ኪ ለአጭር ጊዜ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖ (የኮድ ማስቀመጫ) ላይ ታይቶ በሌላ ተክተውታል። ትልቅ ድርጅትም ላይ ይደርሳል።

ከዚያ ጊትሀብ በስሟ ሰላም ብሏት ሼል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ግን አልሰጥም ሲል «ኧረ ከለከለኝ!» አለች። አልከለከላትም፤ መግባቷን የሚያበስረው ያው መልእክት ነው።

ሪፖው በኤችቲቲፒኤስ የተቀዳ ከሆነ አሁንም ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ሪሞቱን (ኮዱ የሚላክበትን አድራሻ) ወደ ኤስኤስኤች አድራሻው ቀይሩት። ኤስኤስኤች የሚያልፍበት በር፣ ፖርት 22፣ የተዘጋበት ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ በ443 መግባት ይቻላል።

ለየማሽኑ የየራሱን ቁልፍ አውጡ፤ ጊትሀብ ላይ ስታስገቡትም «የቤት ላፕቶፕ»፣ «የቢሮ» ብላችሁ ሰይሙት። ላፕቶፑ ሲሸጥ ወይም ሲሰረቅ ሌላውን ሳትነኩ ያንን አንዱን ትሰርዛላችሁ።