«ቲቸር ሐብሐብ ዋጠች»

አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ድሮ ነፍሰ ጡር አስተማሪ ከመውለዷ አምስት ወር አስቀድማ ያለ ደመወዝ ቤቷ እንድትቀመጥ ትገደድ ነበር። ከደንቡ ምክንያቶች አንዱን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። ለካ ተማሪዎቹ «ቲቸር ሐብሐብ ዋጠች» እያሉ እንዳይሳሳቁ ነው! ጆ ካሮል ላፍለር የምትባል አስተማሪ አሻፈረኝ ብላ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ በፈረንጆቹ 1974 ረታች።

ይህን ሁሉ የማነበው በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። እዚሁ አሜሪካ ለካውንቲ (ለአካባቢው መስተዳድር) የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የአውቶቡሱ መሪ ሆዷን ሲነካት ለጊዜው ቢሮ እንዲያሠሯት ጠየቀች። «እሱ በሥራ ላይ ለተጎዳ ብቻ ነው» አሏት። ክሰሺ ስላት አክስቴ ከአዲስ አበባ በስልክ ተቆጣችኝ። «ተይ አንቺ ልጅ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!» አልፈርድባትም። አንዲት ማኅተም ለማስመታት ስንት ቀን ደጅ የጠናች ሴት ናት።

የአላባማዋ ፖሊስ ነገር ግን አላሳቀኝም። ስቴፋኒ ሂክስ በታስካሉሳ ከተማ የአደንዛዥ ዕፅ መርማሪ ነበረች። ከወሊድ ፈቃድ በተመለሰች በስምንተኛው ቀን ወደ ፓትሮል አወረዷት። ጡት ታጠባለች፤ ጥይት መከላከያው ደረቷን ይጫናታል፤ ሐኪሟም ይህንኑ ጽፎላታል። የተሰጣት ምርጫ ምን መሰላችሁ? ወይ ያለ መከላከያ ውጪ፣ ወይ ሰፋ ያለውን ልበሺ። ሰፊው ደግሞ ጥይት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። ሥራውን ለቃ ከሰሰች። ተፈረደላት፤ በፈረንጆቹ 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ፍርዱን አጸናላት።

ሁሉም አይረታም። በፓርኪንሰን ሕመም ጡረታ የወጣችው የፍሎሪዳዋ እሳት አደጋ ሠራተኛ ካሪን ስታንሊ የጤና መድን ድጎማዋን በቆረጠባት በሳንፎርድ ከተማ ላይ ያቀረበችው የአካል ጉዳተኝነት አድልዎ ክስ በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወድቋል። የተከለለው ሥራ ላይ ያለ ወይም ሥራ የሚፈልግ ሰው ነው፣ ጡረተኛ አይደለም ተባለ። እኔን አልተዋጠልኝም።

የአክስቴ ልጅ ግን ጥሩ ጊዜ ላይ ናት። ከሰኔ 2023 ጀምሮ ነፍሰ ጡር ሠራተኞችን የሚመለከት የፌዴራል ሕግ አለ። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ ካውንቲም ቢሆን፣ ከባድ ችግር ካልሆነበት በቀር ሥራውን ሊያመቻችላት ይገባል። በቃል የጠየቅሽውን በኢሜይል ድገሚው፣ ቅጂውን በራስሽ ስልክ ያዢ አልኳት። የሥራ ቦታ አድልዎን ለሚመለከተው ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከቻ ደግሞ ቀነ ገደብ አለው፤ 180 ቀን፣ በብዙ ስቴቶች 300። ከወለድኩ በኋላ አስብበታለሁ ትለኛለች። ሕፃን ታቅፎ ቀን የሚቆጥር ሰው አላየሁምና ኢሜይሉን ዛሬ ማታ አብረን እንጽፋለን።