የሚኒስትሩ ጣት

ሃይም በሚሉት የጀርመን የስደተኞች መኖሪያ ውስጥ ሐበሻ ከሐበሻ ሲገናኝ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አሻራ አለህ?» ነው። ጣሊያን ጣትህን ሰጥተህ ከሆነ ጀርመን ስትደርስ ኮምፒውተሩ ያወጣዋል። ዩሮዳክ የሚባለው መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጥገኝነት ጠያቂውን አሥር ጣት ይዞ ቁጭ ብሏል። ከዚያ በዱብሊን ሕግ «ወደ ገባህበት አገር ተመለስ» ትባላለህ። ፈረንሳይ ካሌ ወደብ የነበሩ ስደተኛ ልጆች የጣታቸውን ጫፍ በጋለ ብረት እስከማቃጠል የደረሱት ለዚህ ነው። ቆዳው ሲያገግም አሻራውም አብሮ ይመለሳል፤ ምን ዋጋ አለው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ሃከሮች ስለሠሩት የአንድ ሚኒስትር ጣት ላወራ ነው፤ ታገሱኝ።

በርሊን ሽፕሬ ወንዝ አጠገብ ሲ-ቤዝ የሚባል የሃከሮች ቤት አለ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው የወሰደን። ቤቱ ብረታ ብረትና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ብቻ ነው። አባላቱ ይህ ቤት ድሮ የተከሰከሰ የጠፈር ጣቢያ ፍርስራሽ ነው፣ አሌክሳንደርፕላትዝ ላይ የቆመው የቴሌቪዥን ማማም አንቴናው ነው ብለው ኮስተር ብለው ይነግሩሃል። አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬ ዙሪያውን ቃኘና በአማርኛ «እነዚህ እኮ ጠግበው ነው» አለኝ። ክለብ ማቴ የሚሉትን መጠጣቸውን ቀምሶም ሐሳቡን አልቀየረም።

የሚኒስትሩን ጣት ያየሁት እዚያ ነው። ቮልፍጋንግ ሾይብለ የጀርመን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ አሻራ ፓስፖርት ውስጥ ይግባ ባይ ነበር። ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ የሚባለው የጀርመን ሃከሮች ማኅበር ደግሞ ሰውየው አንድ ውይይት ላይ ውሃ የጠጣበትን ብርጭቆ እጁ አስገባ። 2008 ላይ አሻራውን ጣት ላይ በሚለጠፍ ስስ ላስቲክ ሠርተው ከመጽሔታቸው ጋር ወደ 4,000 ቅጂ በተኑት። አንዱን አምፖል ላይ ይዤ አየሁት፤ ትንሽዬ ነገር፣ መስመሮቹ ግን ጥርት ያሉ። 2014 ላይ ስታርቡግ የሚባለው አባላቸው ብርጭቆም አላስፈለገውም፤ የያኔዋን የመከላከያ ሚኒስትር የኡርዙላ ፎን ዴር ላየንን አውራ ጣት ከፎቶግራፍ አወጣው።

ቀልድ ይምሰል እንጂ ቁም ነገሩ ከባድ ነው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅብህ ትቀይራለህ። ጣትህን በምን ትቀይረዋለህ? ደግሞ በነካኸው ሁሉ ላይ ትተኸው ነው የምትሄደው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። እነሱ «ቴክኖሎጂው ይታለላል» ይላሉ። እኛን መቼ ስቶን ያውቃል? ይህንኑ ባንኮኒው ጋ ሳነሳ፣ ፀጉሯን ሐምራዊ የቀባች ልጅ «መዝገብ አንዴ ከተከፈተ ሥራው እየሰፋ ነው የሚሄደው፣ የራሳችሁን ዩሮዳክ ተመልከት» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለጥገኝነት ጉዳይ ተብሎ የተጀመረው መዝገብ ከ2015 ወዲህ ለፖሊስም ተከፍቷል። ይህን ከስደተኛ አማካሪ ሳይሆን ከሃከር መስማቴ ገረመኝ። ጓደኛዬ ተርጉሜ ስነግረው «ካወቁ ታዲያ ስለ እኛ ጣት መቼ ነው መጽሔት የሚያወጡት?» አለ። እሱን መልሼ አልተረጎምኩላትም።

ኦገስት 2021 ላይ ጀርመን ለመታወቂያም የሁለት ጣት አሻራ ግዴታ አደረገች። ከአባላቱ አንዱ መታወቂያውን አሳድሶ ሲመጣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። ጠቋሚ ጣቶቹን እያሳየ «ሁለቱንም ወሰዱብኝ!» ይላል። እኔ አሥሩንም ከሰጠሁ ቆየሁ። እንኳን ደህና መጣህ ብዬ ቢራ ጋበዝኩት።