ከቂሊንጦ እስከ አቃቂ፦ ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካ ሲዋዋሉ

የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያለው ቂሊንጦ ነው፤ የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ጎረቤቶቹ ናቸው። ጉርብትና ብቻውን ግን ምርምር አይወልድም። ብዙ የመግባቢያ ሰነድ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ችግሩ በግልጽ ስላልተጻፈበት ነው። «በፍሳሽ ማጣራት እንተባበራለን» ሥራ አይሆንም። «የማቅለሚያ ክፍሉ ፍሳሽ በየትኛው ፈረቃ ይብሳል፣ ለምን?» ሲባል ነው ተማሪው የሚይዘው ነገር የሚያገኘው።

ብዙው ጥናት የሚበላሸው ናሙና አወሳሰድ ላይ ነው። ማቅለሚያ በዙር ስለሚሠራ ፍሳሹ በየሰዓቱ ይለያያል፤ ረፋድ ላይ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ቀኑን አይወክልም። ለ24 ሰዓት በየሰዓቱ እየቀዱ ማጠራቀም ይሻላል። ለቢኦዲ (ረቂቅ ተሕዋስያን ፍሳሹ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲያብላሉ የሚፈጁት የኦክስጅን መጠን) ልኬት የሚሆነው ናሙና በረዶ ባለበት ሣጥን፣ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀመጥ፤ 48 ሰዓት ካለፈው አይታመንም። የቆዳ ፋብሪካ ከሆነ ቆዳ ለማልፋት ለሚውለው ብረት፣ ለጠቅላላ ክሮሚየም ልኬት ሌላ ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። አለዚያ ክሮሚየሙ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ልኬቱ ያንሳል።

ለምርምሩ የሚያስፈልገውን ኬሚካል ፋብሪካው በዓይነት ቢያቀርብ ይመረጣል፤ የመንግሥት ግዥ ይጓተታል። ውሉ ላይ የፓተንቱ (የፈጠራ መብቱ) ባለቤት ከወዲሁ ይለይ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይራዘማል። ማመልከቻው ለአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሳይገባ የምርምር ጽሑፉ ባይታተም ጥሩ ነው። ፋብሪካው ረቂቁን አይቶ የሚመልስበት ቀነ ገደብም ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የተማሪው ምረቃ ይዘገያል፣ ይህ ደግሞ ግፍ ነው።