አራተኛው አንጓ

አባቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ፊደሉን ሲስብ ትንፋሹን ይይዛል፤ መስመሩ ሲያልቅ ነው የሚተነፍሰው። እኔም የትንኝ አንቴና ስስል ሳላውቀው እንደሱ አደርጋለሁ። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ግን ከመሳሉ ይከብዳል። «ነፍሳት እስላለሁ» ብዬ ስነግራቸው፣ ሰኞ ገበያ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት ደንገጥ ብለው «የማንን ነፍስ ልጄ?» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ «ትልና ፌንጣ» እላለሁ። ትክክል አይደለም፣ ግን ያግባባል።

የተማርኩት ባዮሎጂ ነው። ይህን ሙያ ቁጭ ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያስተማሩኝ ስህተቶቼ ናቸው። የመጀመሪያው ደገዛ ላይ የሠራሁት ነው። ደገዛን የወሎ ጤፍ ገበሬ በደንብ ያውቀዋል፦ ክንፉ ያጠረ፣ ሆዱ የከበደ፣ አንቴናው ከሰውነቱ የረዘመ ፌንጣ። በሳይንስ ስሙን ያገኘው በፈረንጆቹ 1977 ነው፤ ራግ የሚባል እንግሊዛዊ ዴክቲኮይዴስ ብሬቪፔኒስ አለው። ሁለተኛው ቃል ክንፈ አጭር ማለት ነው። አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለጥናቷ እንድስልላት ጠየቀችኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጥላውን በነጠብጣብ አወጣሁት፤ ብርሃኑ እንደ ደንቡ ከላይ ከግራ ይመጣል። በጣም ኮራሁበት። አማካሪዋ ሥዕሉን የመለሰው በእርሳስ አንድ ቃል ጽፎበት ነው፦ «ቁጠር»።

የእግሩ ጫፍ ላይ ሦስት አንጓ ነበር የሳልኩት። አንበጣ ሦስት ነው ያለው፤ የደገዛ ወገን ግን አራት። ከዚያ በፊት ለማስተማሪያ ሰሌዳ ስል ወር ሙሉ አንበጣ ብቻ ስስል ስለከረምኩ፣ እጄ የአንበጣ እግር ለምዶ ነበር። ናሙናው ማይክሮስኮፑ ሥር ተቀምጦ አራቱንም እያሳየኝ ሦስት ሳልኩ። አሁን እርሳስ ከማንሳቴ በፊት የቆጠራ ወረቀት አዘጋጃለሁ፦ የአንቴና አንጓ ስንት፣ የቅልጥም እሾህ በውስጥ ስንት፣ በውጭ ስንት። ያ ወረቀት ሳይሞላ አንድ መስመር አልስልም። አሰልቺ ነው። ከጠቅላላው ጊዜዬ ሩቡን ይበላል፤ አይቆጨኝም።

ምስሉን ከማይክሮስኮፕ ወደ ወረቀት የሚያወርድ የመስተዋት መሣሪያ አለ። እኔ የለኝም። በሱ ፋንታ ማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ ውስጥ ፍርግርግ መስመር ያለበት ክብ መስተዋት አስገብቼ፣ በሒሳብ ደብተር ወረቀት ላይ ካሬ በካሬ እገለብጣለሁ። አንዱን ጎን ብቻ ስሎ በማስተላለፊያ ወረቀት ገልብጦ ሌላውን ጎን ማግኘት የተለመደ ዘዴ ነው፤ ጊዜ ይቆጥባል፣ ጥንዚዛ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ፌንጣ ላይ ግን ጉድ ያመጣል። የደገዛ ወገን የሆነ ወንድ የሚዘፍነው ክንፎቹን አፋግቶ ነው፤ ሲያርፍ የግራው ክንፍ ከላይ፣ የቀኙ ከሥር ነው። በእንጭራሪት ደግሞ ባብዛኛው ተቃራኒው ነው። አንድ ማተሚያ ቤት «ፌንጣው ፊቱን ወደ ጽሑፉ ያዙር» ብሎ ሥዕሌን በኮምፒዩተር ገለበጠው። ቀኙ ክንፍ ከላይ ወጣ። የመጠን መለኪያዋን መስመርም «አላምር አለችን» ብለው ሰርዘዋታል። አሁን መለኪያዋን እዚያው እግሩ ሥር፣ ከጥላው ጋር አገናኝቼ ነው የምስላት፤ የሚሰርዛት ሰው እግሩንም አብሮ መሰረዝ አለበት።

በ2009 መጤው ተምች ወደ አገራችን ሲገባ ለገበሬ የሚታደል በራሪ ወረቀት እንድሠራ ተጠየቅሁ። ከጥንቱ ተምች የሚለየው ግንባሩ ላይ ባለች ነጭ ምልክት ነው፤ ባለሙያዎቹ «የተገለበጠ ዋይ» ይሏታል። እኔ የታፔላ ጸሐፊ ልጅ ነኝና ያየሁት «ሰ»ን ነው። ሁለት እግር፣ ከላይ አንድ ዘንግ። ጽሑፉ ላይ «ግንባሩ ላይ ሰ የተጻፈበት» ይባል ብዬ ተከራክሬ አሸነፍኩ፤ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ጭንቅላቱን አጉልቼ፣ ሰውነቱን አሳንሼ ሣልኩት።

ሐርቡ ወርደን ስናሳይ አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ሥዕሉስ ግሩም ነው። እኛ ግን ይኼን ፊቱን መቼ እናየዋለን? በቆሎው መሃል፣ ለጋው ቅጠል ተጠቅልሎ የሚወጣበት ውስጥ ተወትፎ ነው የሚውለው። ቅጠሉን ስንፈለቅቅ የሚቀበለን ቂጡ ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን ሥዕሉን እንደገና ጀመርኩት። ደግነቱ ከጅራቱ አጠገብ አራት ጥቁር ነጥቦች በካሬ ተደርድረው አሉት። በሁለተኛው ሥዕል በቆሎውን ከላይ ወደ ታች እያየን ነው፤ ቅጠሉ ተከፍቷል፣ ሰጋቱራ የሚመስል ኩሱ ተከምሯል፣ አራቱ ነጥቦችም ወደ ላይ ያፈጣሉ። እኒያን አባት ያለክፍያ አማካሪዬ አድርጌያቸዋለሁ። ረቂቅ ይዤ ስሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ከየት ሆነህ ነው ያየኸው?» ብለው ነው።

ጥቅምት 2013 አንበጣው ሲመጣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ማሽላው ሊታጨድ ደርሶ ነበር። ቀለሙን ከሕይወቱ ልስል ውኃ ቀለም ይዤ ወረድኩ፤ የበረሃ አንበጣ ሲንጋጋ ገና ያልበሰለው ሮዝ ነው፣ ለመራባት ሲደርስ ቢጫ ይሆናል፤ አልኮል ውስጥ ከገባ ግን ቀለሙ ይከዳሃል። ማሳው ዳር ተቀምጬ ስቀላቅል፣ ከፊት ለፊቴ ሴቱም ልጁም ጀሪካን ይደበድባል፣ ጅራፍ ይጮኻል። አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ እሱ የኛን እየበላ አንተ መልኩን ትጽፋለህ? ጣል ያንን፣ ይኼን ያዝ» ብለው ጀሪካን ሰጡኝ። እስኪመሽ ደበደብኩ። ከዚያ ቀን የቀረኝ አንድ ወረቀት ነው፤ ሦስት የሮዝ ቅልቅል ነጠብጣብ፣ ከጎኑ ሰዓቱ፣ አንዱ ላይ የጣት ጭቃ። የአንበጣው ሥዕል ቀለም የወጣው ከዚያች ወረቀት ነው። ዛሬም ማሳ ስወርድ ቀለሙን ብቻ በነጠብጣብ መዝግቤ ቅርጹን ለቤት እተወዋለሁ። ሁለቱንም እዚያው ልጨርስ ማለት ሰውንም ሥዕሉንም መበደል ነው።

ማስቀመጡ ሌላ ጣጣ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ጉሙ ቤት ገብቶ ያድራል፣ ናሙና ይሻግታል። ስለዚህ በሐረጎ ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርጄ ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት አደርቃለሁ። እዚያ ደግሞ ጉንዳን አለ። አንድ ክረምት ሙሉ የሰበሰብኩትን ጥንዚዛ በአንድ ሌሊት ቆራርጦ፣ እስፒሉን ብቻ ተክሎ ተወልኝ። አክስቴ «አንተ ስለነሱ ትጽፋለህ፣ እነሱም ያነባሉ» አለችኝ። አሁን የሳጥኑ እግሮች ውኃ የተሞላ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ነው የሚቆሙት፤ ውስጡ ናፍታሊን አለ።

በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ሥዕሎቹን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ፤ ሳጥኑና ማይክሮስኮፑ ቀሩ። ስመለስ ሁለቱም አልነበሩም። ያኔ የበቆሎው ትል ሁለተኛ ረቂቅ በስካነር ተነሥቶ ወዳጄ ጋ ስለነበር ብቻ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ያላነሣሁት ሥዕል የለም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ በሱ ብቻ አልኖርም፣ ግማሹን ሳምንት አስተምራለሁ። አንድ ሙሉ ሥዕል ከ40 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ «ስልኬ እኮ ጥሩ ካሜራ አለው» የሚል ደንበኛ ሲመጣ አልከራከርም። ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀምጬ ራሱ እንዲያነሣው እሰጠዋለሁ። ጭንቅላቱ ሲጠራ እግሩ ይደበዝዛል፣ እግሩ ሲጠራ ጭንቅላቱ። አንዳንዱ ተመልሶ ይመጣል።

ዘንድሮ የያዝኩት የትንኝ ሥራ ነው፤ ባቲን ጨምሮ በምሥራቁ ቆላ ከተሞች የተገኘችውን፣ ከእስያ የመጣችውን የወባ ትንኝ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲን። የላብራቶሪ ሠራተኞች ከአገሬዎቹ የሚለዩባት አንዱ ምልክት ከመምጠጫዋ ግራና ቀኝ ባሉት፣ ፓልፕ በሚባሉት ቀጫጭን መዳሰሻዎች ላይ የተነሰነሰ ነጭ ነቁጥ ነው፤ ከጤፍ ፍሬ በብዙ የሚያንስ። የቆጠራ ወረቀቱን ትናንት ሞልቼ ጨረስኩ ብዬ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደግሜ ሳየው የቀኙ ፓልፕ ጫፍ ተሰብሯል፣ ሌላ ናሙና እስኪመጣ ባዶ ቦታው በእርሳስ ተከቦ ይቆያል።