በሕግ ዓለቱ ሥር

ከአይስላንድ ዋና ከተማ ከሬይኪያቪክ እስከ ቲንግቬትሊር 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኔ ግን መንገዱ ረዘመብኝ፤ ፍርሃት ይዞኝ ነበር። የጥንቱ የሰሜን አውሮፓ አምላክ የቶር መዶሻና ጥንታዊው የሩን ፊደል በሌሎች አገሮች የዘረኞች መለያ ሆነው አይቻለሁ። የአባቶቻቸውን አማልክት ሊያከብሩ በተሰበሰቡ ሰዎች መካከል ጥቁር፣ ያውም ማተብ ያሰረ ሰው ሲገኝ እንዴት ይቀበሉት ይሆን?

ቦታው ስደርስ መጀመሪያ ምድሩ ሐሳቤን ወሰደው። የሰሜን አሜሪካና የዩራሺያ የምድር ቅርፊቶች የሚላቀቁበት ስምጥ ነው። አፋርን ያየ ሰው የተሰነጠቀውን ጥቁር ዓለት ወዲያው ያውቀዋል፤ እዚህ ግን በስንጥቁ ውስጥ መስተዋት የመሰለ ቀዝቃዛ ውሃ ተኝቷል። ከግድግዳው በላይ፣ ባንዲራ የተተከለበት ጉብታ የሕግ ዓለት ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ930 ጀምሮ የአይስላንድ ሰዎች በየበጋው እዚህ እየተሰበሰቡ ይመክሩና ይዳኙ ነበር። ሕጉ ገና ስላልተጻፈ ሕግ ተናጋሪው በቃሉ ያሰማቸዋል።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ የሆነው ነገር ነው። ክርስቲያኖቹና የኦዲንና የቶር አምላኪዎች በአንድ ሕግ አንተዳደርም ተባብለው ወደ ደም መፋሰስ ተቃረቡ። ፍርዱን ለሕግ ተናጋሪው ለቶርጌይር ተዉት። ቶርጌይር ራሱ የጥንቱ እምነት ተከታይ ነበር። ካባውን ተከናንቦ ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ ሳይናገር ተኛ፤ በማግስቱ ተነሥቶ ሕጉ ከተከፈለ ሰላሙም እንደሚከፈል አስረዳ፤ ከዚያም ሁሉም እንዲጠመቅ ፈረደ። የፈረስ ሥጋ መብላትና በስውር መሠዋት ለጊዜው ተፈቀዱ። የራሱን አማልክት በራሱ አፍ የሻረው ሰው በዚያች ሌሊት ምን እያሰበ እንዳደረ ዓለቱ ሥር ቆሜ ለረጅም ጊዜ አሰላሰልኩ።

የጥንቱ እምነት የተመለሰውም በሕግ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በግ አርቢውና ገጣሚው ስቬይንብዮርን ቤይንቴይንሶን ከጓደኞቹ ጋር አሳትሩ የሚባለውን የዚህን እምነት ማኅበር መሠረተ፤ በ1973 መንግሥት እውቅና ሰጠው። ማኅበሩ ዛሬ ጋብቻ ያስፈጽማል፣ ሙታን ይሸኛል። ሕዝቧ 400,000 በማይሞላ አገር ከ5,000 በላይ አባላት አሉት። ከ2003 ጀምሮ የሚመራው የሙዚቃ ደራሲው ሂልማር ኡርን ሂልማርሶን ስለ አማልክቱ የሚነገሩትን ታሪኮች እንደ ቅኔ እንጂ ቃል በቃል እንደማይወስዳቸው በይፋ ተናግሯል። እምነቱን ለዘረኝነት የሚያውሉትንም ማኅበሩ አጥብቆ ያወግዛል።

ሥርዓቱ ብሎት ይባላል፤ ትርጉሙ መሥዋዕት ቢሆንም እንስሳ አይታረድም። ሐሙስ ቀን ነበር፤ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ሐሙስ የቶር ቀን ነው። ሰዎቹ እሳት ከበው ቆሙ፣ ከጥንቱ ግጥም ተነበበ፣ ቀጥሎም በቀንድ የተሞላ የማር መጠጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። በመኪና ውስጥ የፈራሁት ነገር አልደረሰብኝም፤ አጠገቤ የቆሙት አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ቀንዱ እጄ ሲገባ የጠጅ ሽታ አወደኝ። በእኛም አገር እኮ የጥንቱ ዋንጫ ቀንድ ነበር! ነገር ግን ለአማልክት የተነሣውን መጠጣት ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። ይህንኑ ለአሮጊቷ በዝግታ ነገርኳቸው። ቅር አልተሰኙም።

«እንግዲያው ለወለዱህ ሰዎች አንሣው» አሉኝ።

ቀንዱን ከፍ አድርጌ ጠጅ ትጥል የነበረችውን የሴት አያቴን ስም ጠራሁ። የከበቡኝ ሰዎች ስሟን በማያውቁት ቋንቋ እየተኮላተፉ ደገሙት። ሳልጠጣም ለእሳቸው አሳለፍኩ።